የትዝታ ደብተርና ቀላል የወረቀት ሥራ ጊዜ ለሌላቸው እናቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃንም ሆነ መንዝ፣ አንኮበርም ሆነ ሸዋ ሮቢት፣ እናት ቁጭ የምትልበት ጊዜ የላትም። ጠዋት ልጅ ታደርሳለች፣ ቀን ቢሮ ወይም ገበያ ትውላለች፣ ማታ እራትና የልጆች የቤት ሥራ ይጠብቃታል። የልጆቿ ፎቶ ግን ስልኳ ውስጥ እየተከማቸ ነው። «ምን ላድርገው?» ብላችሁ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ።

ከመጀመራችን በፊት አቋሜን ልንገራችሁ። በትዝታ ደብተር ሥራ ከጌጡ ጽሑፉ ይቀድማል። ስም፣ ቦታና ቀን የተጻፈበት ተራ ገጽ፣ ምንም ካልተጻፈበት ያማረ ገጽ ይበልጣል። ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

የትዝታ ደብተር ከፎቶ አልበም በምን ይለያል?

አልበም ፎቶ ይይዛል። የትዝታ ደብተር ፎቶውን ከነታሪኩ ይይዛል። የልጅሽ የመጀመሪያ ሥዕል፣ ከአያት የመጣ ደብዳቤ፣ የትምህርት ቤት ካርድ ኮፒ፣ በክርስትናው ቀን የተመረቀው ምርቃት፣ ሁሉም ቦታ አለው። ውጭ አገር ስክራፕቡክ ይሉታል። ለዚሁ ብቻ የሚሸጥ ስቲከር፣ ሪባንና ባለ ቀለም ወረቀት አለ። ካገኘሽ ጥሩ፣ ካላገኘሽም አይቅርብሽ።

ጊዜው ከየት ይመጣል?

አንድ ሙሉ ቀን ከጠበቅሽ ያ ቀን አይመጣም። ሥራውን ቆራርጪው። አንድ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ስልክሽ ላይ ፎቶ ምረጪ። ሌላ ቀን ወደ ገበያ ስትወጪ ፎቶ ቤት አሳጥቢ። በሌላ ቀን ለጥፊ። ቡናው እስኪፈላ ደግሞ ሁለት መስመር ጻፊ። እያንዳንዱ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።

ሌላው ነገር፣ ዕቃሽ ሁሉ አንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ ይሁን። መቀሱ፣ ኮላው፣ እርሳሱ፣ ማስመሪያው፣ ያልተለጠፉት ፎቶዎች። ጊዜ የሚበላው ልጠፋው አይደለም፣ መቀስ ፍለጋው ነው። ካርቶኑ ዝግጁ ከሆነ አሥር ደቂቃም ሥራ ይሠራባታል።

በወር አንድ ገጽ ይበቃል። በዓመት 12 ገጽ ማለት ነው። አሥራ ሁለት ገጽ ያለው ዓመት ደግሞ ቀላል አይደለም።

የአሥር ዓመት ፎቶ ተከምሮብኛል። ከየት ልጀምር?

ከዚህ ወር። ከሠርግሽ ለመጀመር ከሞከርሽ ዛሬ ላይ ሳትደርሺ ይሰለችሻል፤ የዛሬውም እየተከመረ ይቆይሻል። የድሮዎቹን ለጊዜው በየዓመቱ ፖስታ ውስጥ ከፋፍለሽ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ጻፊባቸው። ጊዜ ስታገኚ ወደ እነሱ ትመለሻለሽ።

ከአንድ ዝግጅት ሦስት ፎቶ ምረጪ። አንዱ ቦታውን የሚያሳይ፣ አንዱ ሰዎቹ አንድ ላይ ያሉበት፣ አንዱ ደግሞ ትንሽ ነገር በቅርበት የያዘ። የልጅ ጫማ ሊሆን ይችላል፣ የአያት እጅ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ሰው ቆሞ የሚያየው ይህቺን ሦስተኛዋን ነው።

ፎቶ ቤት በቴሌግራም ስትልኪ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርገሽ ላኪ። እንደ ፎቶ ከላክሽው ቴሌግራም መጠኑን ይቀንሰዋል፤ ሲታተም ደብዘዝ ሊል ይችላል። መጠኑን 10 በ15 ሴንቲ ሜትር በይ። በቁመቱ ሲለጠፍ በግማሽ ኤ4 ገጽ ላይ ልክ ይሆናል፤ ለጽሑፍም ቦታ ይተርፍልሻል።

ምን ምን ልግዛ?

መቀስ፣ ማስመሪያ፣ ስቲክ ኮላ፣ እርሳስ፣ ጥቁር እስክሪብቶ፣ ነጭ ኤ4 ወረቀት። ሌላው ቤትሽ አለ። የስጦታ መጠቅለያ ወረቀት፣ የሻይ ካርቶን፣ የድሮ የግድግዳ ካላንደር፣ ከነጠላ ጥለት የተረፈ ክር። ጋዜጣ ግን ፎቶ አጠገብ አትለጥፊ። ጋዜጣ ከእንጨት በርካሽ የሚሠራ ወረቀት ስለሆነ በውስጡ አሲድ አለው። ራሱ ቢጫ ይሆናል፣ የነካውንም ቢጫ ያደርገዋል።

ደብተሩን ራሴ መስፋት እችላለሁ?

ትችያለሽ። ሙዳይና ሌማት የሰፋች እጅ ለዚህ አታንስም። ወስፌውም ያው ነው።

ስምንት ኤ4 ወረቀት አንድ ላይ ለሁለት እጠፊ። 16 ቅጠል፣ ማለትም 32 ገጽ ያለው ደብተር ይወጣልሻል። ሽፋኑን ከማኒላ ወይም ከስስ ካርቶን ቁረጪና በላዩ አድርጊው። ካርቶኑ ሲታጠፍ እንዳይሰባበር መጀመሪያ የሚታጠፍበትን መስመር ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ በማስመሪያ ጠበቅ አድርገሽ አስምሪው። አሁን ደብተሩን ገልጠሽ እጥፋቱ ላይ በወስፌ ሦስት ቀዳዳ ብሺ። አንዱ መሃል ላይ፣ ሁለቱ ከየጫፉ 3 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው።

ስፌቱ እንዲህ ነው። መርፌውን ከውስጥ በመሃሉ ቀዳዳ ወደ ውጭ አውጪ፤ የክሩን ጫፍ ውስጥ ትንሽ አስቀሪ። ከውጭ በላይኛው ቀዳዳ ወደ ውስጥ መልሺ። ከዚያ መሃሉን ዘለሽ በታችኛው ቀዳዳ ወደ ውጭ አውጪ። መጨረሻ ከውጭ በመሃሉ ወደ ውስጥ አስገቢና፣ ሁለቱን የክር ጫፎች በረጅሙ ክር ግራና ቀኝ አድርገሽ እሰሪያቸው። አለቀ። ክሩን በጧፍ ሰም ካሻሸሽው አይበጠስብሽም፣ አይወሳሰብብሽምም።

አንድ ነገር ግን አትርሺ። ፎቶ ሲለጠፍበት ደብተሩ ከጀርባው በላይ ያብጥና አልዘጋ ይላል። መፍትሔው ከመስፋትሽ በፊት ነው። ከየሁለት ወረቀቱ መካከል 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የወረቀት ቁራጭ ለሁለት አጥፈሽ አስገቢና አብረሽ ስፊው። ጀርባው ላይ ውፍረት ይጨምርልሻል። ከሱቅ የገዛሽውን ደብተር የምትጠቀሚ ከሆነ ደግሞ በየሁለተኛው አንዱን ቅጠል ቁረጪ፤ ከስፌቱ ጋር ግን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ተዪለት።

የትኛው ማጣበቂያ ይሻላል?

ለፎቶ ምርጡ ማጣበቂያ ፎቶውን ራሱን የማይነካው ነው። ርዝመቱ 4፣ ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወረቀት ቁረጪ። የላዩን ሁለት ማዕዘኖች ወደ ታችኛው ጠርዝ መሃል እጠፊያቸው። ትንሽ ሦስት ማዕዘን ኪስ ትሆናለች። የፎቶውን ጫፍ ኪሱ ውስጥ አስገብተሽ፣ ኮላ የምትቀቢው የኪሱን ጀርባ ብቻ ነው። አራቱን ጫፍ እንዲህ ካደረግሽ ፎቶው በፈለግሽ ቀን ይወጣል። ከጀርባው ጽሑፍ ካለ ይነበባል። በንጉሡ ጊዜ ከነበሩ አልበሞች ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ማዕዘን ነበራቸው፤ ለዚህም ነው ፎቶዎቹ ዛሬ ሳይቀደዱ የሚወጡት።

ጊዜ ከሌለሽ ስቲክ ኮላ ደህና ነው። ፈሳሽ ነጭ ኮላ ወረቀቱን ያሸበሽበዋል። ፕላስተር ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ይላቀቅና ምልክቱን ትቶ ይሄዳል።

ለካርድና ለሽፋን የዱቄት ማጣበቂያ ቤት ውስጥ ማብሰል ትችያለሽ። አንድ ስኒ የፉርኖ ዱቄት በቀዝቃዛ ውኃ እንዳይጓጉል በጥብጪ። ጠቅላላ ውኃው አራት ወይም አምስት ስኒ ይሁን። ለስላሳ እሳት ላይ እያማሰልሽ እስኪወፍርና እስኪያብረቀርቅ አቆዪው። ሲበርድ ተጠቀሚበት። ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አታስቀምጪው፤ ይሻግታል። የለጠፍሽውንም በደንብ አድርቂው። ዱቄት ነውና ነፍሳትና አይጥ ይወዱታል። ፎቶ ላይ ግን አትቀቢው፣ እርጥበቱ ይጎዳዋል።

ከፎቶው ሥር ምን ልጻፍ?

ይህን ጥያቄ ስትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

ማን፣ የት፣ መቼ። መጀመሪያ እነዚህ ሦስቱ። «ማሙሽ ከእማማ ጋር» አይበቃም። የትኛው ማሙሽ? የማን እናት? ከሃያ ዓመት በኋላ ደብተሩን የሚከፍተው ልጅሽ ወይም የልጅሽ ልጅ ነው፤ አንቺ አጠገቡ ላትኖሪ ትችያለሽ። ስለዚህ የቤት ስሙንም የመዝገብ ስሙንም ጻፊ። ክርስትና ከተነሣ የክርስትና ስሙንና የክርስትና አባቱን ወይም እናቱን ጨምሪ። ዝምድናውን ግልጽ አድርጊው፤ የእናት ወገን ነው የአባት? ሰዎቹ ብዙ ከሆኑ ከግራ ወደ ቀኝ ስማቸውን ዘርዝሪ። ቦታውም «ገጠር» ብቻ አይሁን። የመንደሩን ስም ጻፊ።

ቀኑ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስልክሽ ፎቶውን የሚመዘግበው በፈረንጆች አቆጣጠር ሊሆን ይችላል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ የእነሱ ጥር ከገባ እስከ ጳጉሜን 8 ይሆናል። ለምሳሌ የ2017 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ በእነሱ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነበር። በአንዱ አቆጣጠር ወስኚና፣ በእኛ ከሆነ መጨረሻው ላይ «ዓ.ም.»፣ በእነሱ ከሆነ ደግሞ «እ.ኤ.አ.» በዪበት። ቅልቅል ከሆነ ልጁ ከመወለዱ በፊት ክርስትና የተነሣ ይመስላል።

ከሦስቱ በኋላ አንድ የተባለ ነገር ጻፊ። ልጁ ያን ቀን ያለው ቃል፣ አያቱ የሰጡት መልስ፣ ያስለቀሰው ነገር። ስሜትሽን መግለጽ ከከበደሽ የታየሽን ጻፊ። «ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት መኪናው መብራት አብርቶ ነበር የሚሄደው። እሷ ግን ደመና ውስጥ ገባን ብላ ታጨበጭብ ነበር።» ይበቃል።

ተራ ቀንንም ጻፊ። ሁላችንም ሠርግና ልደት እናነሣለን። ዳቦ የተደፋበት ቅዳሜ፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚያስኬደው መንገድ፣ የዚያ ወር የጤፍ ዋጋ፣ ቤቱ ውስጥ የነበረው ባና፣ እነዚህን ማንም አያነሣም። ቶሎ የሚረሱት ደግሞ እነሱ ናቸው።

እናትሽ ወይም አማትሽ በሕይወት ካሉ የድሮ ፎቶ ይዘሽ አጠገባቸው ቁጭ በይ። ሲያወሩ ስልክሽን ድምፅ አስቀጂው፤ ጽሑፉን በኋላ ታወጪዋለሽ። ይህን ሥራ ከሁሉ አስቀድሚው። ገጽ ማስጌጥ ለከርሞ ቢያድር ምንም አይሆንም፣ ይህ ግን ማደር የለበትም።

ፎቶው ጀርባ ላይ መጻፍ ከፈለግሽ በእርሳስ፣ ጠርዙ ላይ፣ ሳትጫኚ። እስክሪብቶ በፊት ለፊቱ ይታያል፤ ቀለሙም ወደ ሌላው ፎቶ ይተላለፋል።

የአልትራሳውንድ ወረቀቱንና የክትባት ካርዱን ልለጥፍ?

ኦሪጅናሉን አትለጥፊ። የክትባት ካርድ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ አንድ ቀን ትፈለጋለች። ኮፒውን ለጥፊ።

የአልትራሳውንዱ ግን ከዚህም የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚታተመው በሙቀት በሚጠቁር ወረቀት ላይ ነው፤ እንደ ባንክ ማሽን ደረሰኝ። ከጊዜ በኋላ እየደበዘዘ ይጠፋል። ላሚኔት ካስደረግሽው ደግሞ በማሽኑ ሙቀት እዚያው ሊጠቁር ይችላል። ዛሬውኑ በስልክሽ አንሺው ወይም ኮፒ አስደርጊው። ብዙ እናቶች ይህን የሚያውቁት ከጠፋ በኋላ ነውና እባክሽ አታቆዪው።

ከልጆች ጋር ምን ዓይነት የወረቀት ሥራ ልሥራ?

የእንቁጣጣሽ ካርድ። ወንዶቹ ሥዕል ሥለው ለየቤቱ የሚያድሉበት፣ ሴቶቹ አበባየሆሽ የሚሉበት በዓል ስለሆነ ወረቀቱና ቀለሙ በልጆች ደም ውስጥ ያለ ነው። ጳጉሜን ሳይገባ ጀምሩት።

ለአደይ አበባ ቢጫ ወረቀት በአራት ማዕዘን እኩል ቁረጪ። ለሁለት እጠፊ፣ እንደገና ለሁለት፣ ከዚያ በሰያፍ አንዴ። የተከፈተውን ጫፍ በመቀስ ክብ አድርገሽ ቁረጪው። ሲዘረጋ ስምንት ቅጠል ያለው አበባ ነው። መሃሉን ልጁ ቡናማ ይቀባው።

ካርዱ ሲከፈት አበባው ብቅ እንዲል ከፈለጋችሁ፣ የታጠፈው ወረቀት እጥፋት ላይ በ1 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሁለት ትይዩ መስመር 2 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። ወረቀቱን ክፈቱና የተቆረጠችውን ወደ ውስጥ ግፏት። ደረጃ ትሠራለች። አበባውን እሷ ላይ ለጥፉ። ከውጭ በኩል ሌላ ወረቀት ሽፋን ይሁነው፣ ቀዳዳው እንዳይታይ። ትንንሽ ልጆች ይህን ሲያዩ ደጋግመው ከፍተው ይዘጉታል።

ለኢድም ያው አሠራር ይሆናል። አበባውን በጨረቃና ኮከብ ተኪው። ከየዓመቱ ካርድ አንዷን ለደብተሩ አስቀሪ፤ የልጁ የእጅ ጽሑፍ በየዓመቱ ሲለወጥ ታዪበታለሽ።

እውነተኛ አደይ አበባ መለጠፍ ይቻላል?

ከደረቀ ብቻ። በሁለት ነጭ ወረቀት መካከል አድርገሽ ከባድ መጽሐፍ ጫኚበት። ወረቀቱን በየሁለት ሦስት ቀኑ ቀይሪ፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይደርቃል። እርጥቡን ከለጠፍሽው ገጹን ያሻግተዋል። ከደረቀም በኋላ ከፎቶ ጋር ፊት ለፊት እንዳይገጥም፣ ለብቻው ገጽ ስጪው።

ልጆቼ ያበላሹብኛል!

ለእነሱም የራሳቸውን ደብተር ስጫቸው።

የት ላስቀምጠው?

ማድ ቤት አይሁን። ጭስና እንፋሎት የወረቀት ጠላት ናቸው። ደጋ ላይ፣ በተለይ በክረምት፣ ከውጭ ግድግዳ ጋር የተጠጋ ቁም ሣጥን ውስጡ ይርሳል፤ ደብተሩን ከውስጥ ግድግዳ በኩል፣ ከወለል ከፍ አድርገሽ አስቀምጪ። ቆላ ላለሽው፣ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ለምትኖሪው፣ ዋናው ነገር ሙቀቱና ፀሐዩ ነው። ከቆርቆሮው ሥር ካለ መደርደሪያ ይልቅ ታች ያለ ጨለም ያለ ቦታ ይሻላል።

ፌስታል ውስጥ አትጠቅልዪው፤ እርጥበት ያፍናል። ከንጹሕ አቡጀዲ ከረጢት ስፊለት። አባቶቻችን የብራና መጻሕፍትን በቆዳ ማኅደር ከተው ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት ከአቧራ፣ ከአይጥና ከእርጥብ ወለል ሊያርቁት ነው። ለደብተርሽም ያው ጥበብ ይሠራል።

የድሮው አልበሜ የሚጣበቅ ዓይነት ነው። ፎቶዎቹ አልላቀቅ አሉኝ።

በላዩ ፕላስቲክ ያለው፣ ገጹ ሙጫ ሙጫ የሚለው ዓይነት ነው። ሙጫውም ፕላስቲኩም ፎቶውን እያደር ይጎዳዋል። መጀመሪያ እያንዳንዱን ገጽ እንዳለ በስልክ አንሺ፤ መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳይመታው፣ ያለ ፍላሽ። ከዚያ ቀጭን ጠንካራ ክር በፎቶውና በገጹ መካከል አስገብተሽ እንደ መጋዝ ቀስ እያልሽ ሳቢ። እምቢ ካለ ተዪው። የተቀደደ ፎቶ ከተጣበቀ ፎቶ የባሰ ነው።

ፎቶ የለኝም። ከቀያችን ስንወጣ ሁሉም እዚያው ቀረ።

እህቴ፣ ይህ ጥያቄ ከአንድ ሰው ብቻ የመጣ አይደለም። በዞናችን በሰሜን ሸዋ ቤታቸው ተቃጥሎ ወይም ጥለውት ወጥተው ደብረ ብርሃን መጠለያ የገቡ እናቶች አሉ። የልጃቸው የሕፃንነት ፎቶ የሌላቸው ብዙ ናቸው። የጠፋውን እመልስልሻለሁ ልልሽ አልችልም። ልታደርጊ የምትችዪው ግን አለ።

መጀመሪያ ፎቶ ሊኖራቸው የሚችሉ ሰዎችን ዘርዝሪ። የሠርግሽ ሚዜዎች፣ አዲስ አበባ ወይም ዓረብ አገር ያሉ ዘመዶች፣ የልጆችሽ የቀድሞ መምህራን፣ የክርስትና እናት። ከዓመታት በፊት በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ የላክሽላቸው ፎቶ ዛሬም እነሱ ጋ ሊኖር ይችላል። የድሮ ሲም ካርድሽ ቁጥር ካለሽ አካውንትሽን መልሰሽ መክፈት ትችዪ ይሆናል፤ ሞክሪው።

ሁለተኛ፣ ያለ ፎቶ ደብተር ይሠራል። የቤትሽን ካርታ ሣዪ። በሩ በየት በኩል ነበር? ምድጃው፣ ጎተራው፣ ዛፉ፣ ወደ ወንዝ የሚወስደው መንገድ? ልጆቹ የሚያስታውሱትን ይጨምሩበት። የጎረቤቶቻችሁን ስም በየቤታቸው ላይ ጻፊ። ልጅሽ የተወለደበትን ቀን፣ ያዋለደችሽን፣ ገንፎውን ማን እንዳገነፋ ጻፊ። የልጆችሽን እጅ ወረቀት ላይ አስቀምጠሽ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሪና የዛሬውን ቀን ጻፊበት። ከዚህ ወር ጀምሮ ደግሞ በወር አንድ ፎቶ ይነሡ፤ በሰው ስልክም ቢሆን። በመጠለያ ያለፈውም ጊዜ የልጆቹ ዕድሜ ነው፤ ገጹ ባዶ አይቅር።

ጽሑፌ አያምርም፣ ሥዕልም አልችልም።

በኮምፒውተር ከተጻፈ የሚያምር መስመር ይልቅ፣ ልጅሽ ሲያድግ የሚፈልገው የእናቱን የእጅ ጽሑፍ ነው። በራስሽ እጅ ጻፊው።

ካርድ ሠርቼ ብሸጥስ?

ይቻላል። ወረቀት በብዛት ስትገዪ ይረክሳል፤ የሚፈለግባቸውም ወቅቶች ይታወቃሉ። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ፣ ኢድ፣ እንዲሁም የዩኒቨርሲቲ ምርቃት። ዋጋ ስታወጪ የወረቀቱንና የኮላውን ብቻ አትቁጠሪ፤ አንዱን ካርድ ለመሥራት የሚወስድብሽን ጊዜም አስገቢበት። መጀመሪያ ጥቂት ሠርተሽ ለጎረቤትና ለሥራ ባልደረባ አሳዪ፤ የትኛው እንደሚወሰድ ካየሽ በኋላ እሱን አብዢው። ኤ4 ለሁለት ታጥፎ የሚሠራው ካርድ ፖስታው በቀላሉ ስለሚገኝ በእሱ ጀምሪ።